የባልጩት ድንጋይና የጉርብትና ነገር

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል ወጥቶ የጅማን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ዓለም ገና ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው በሰበታ አልፎ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና ያመራል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ፣ ከዋናው ከተማ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ሦስት የጥንት ሥፍራዎች ተከታትለው ይገኛሉ። እነርሱም መልካ ቁንጡሬ፣ ከመንገዱ ገባ ብላ የምትገኘው ከአለት የተፈለፈለችው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና በሶዶ ጉራጌ አገር የቆሙት የጢያ ትክል ድንጋዮች ናቸው። ጢያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መልካ ቁንጡሬም ከጎረቤቱ ከባልጪት ጋር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በሕንድ አገር፣ በኒው ዴልሂ በተደረገው ጉባኤ ተመዝግቧል።

ዜናው በተነገረ ጊዜ ደስታው ታላቅ ነበር፤ እንደ ብዙው ደስታችን ግን ሳይውል ሳያድር ተረሳ። እኛ ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ከደስታው ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ነው። ይኸውም ይህ ከመሬት ውስጥ የወጣ ሀብት በላዩ ለሚኖሩትና በአጠገቡ ለሚያልፉት፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ ለሆነው ጎረቤታሞች፣ እርስ በርስ ለመተዋወቅና ለመነጋገር ምን ይረዳቸዋል? የሚል ነው።

ነገሩን ከዓለም ገና መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዋናውን ከተማ እንደ መቀነት የከበቡ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። ፋብሪካውና የቤት ኪራዩ መቅለል ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ ሰው ስቦባቸዋል። ኦሮሞው ገበሬ በአያቱ መሬት ላይ፣ ጉራጌው ነጋዴ ከሱቁ፣ የጋሞው ሸማኔ ከመወርወሪያው ጋር፣ አማራው፣ ወላይታውና ከምባታው እንደዚሁ በየሥራው ተሠማርቶ በአንድ ሰፈር ውሎ ያድራል። እንዲህ ባለ ቦታ «ይህ መሬት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚቀር ጥያቄ አይደለም። የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የጋራ ማስተር ፕላን የተመለከተው ክርክር በ2006 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ ብዙ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ፣ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ይታወሳል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በቡራዩ በደረሰው ግፍ ብዙ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሞቱትና ከቤታቸው ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ለበቀል የተነሣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በፊቱ ተንበርክከው መለሱት። ይህን ያነሣነው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ስለ እነዚህ ከተሞች ጉርብትና የሚጽፍ ሰው ይህን ዘልሎ ቢያልፍ ጽሑፉ ከምኞት አያልፍም ብለን ስለምናምን ነው።

«ታዲያ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ድንጋይ ለዚህ ምን ያደርጋል?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ድንጋይ ሰውን አያስታርቅም። ነገር ግን ሰዎች ስለ ራሳቸው ከመናገር በፊት ስለ ሌላ ነገር አብረው ሲናገሩ ወደ ራሳቸው ጉዳይ መድረስ እንደሚቀላቸው ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌ ጸብ ለማብረድ ሲቀመጥ መጀመሪያ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ነው የሚጠይቀው።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳርና ዳር ይገኛል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ቦታውን በ1963 (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልንበትን ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይዘናል) ለይቶ ያመለከተው ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ጥናት ባለሙያ ነው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ለብዙ ዓመታት መራ። ከ1999 ወዲህም የኢጣልያ ሚሲዮን፣ በመጀመሪያ በማርቼሎ ፒፔርኖ፣ ቀጥሎም በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ሥራውን ወሰደ። ጎምቦሬ፣ ጋርባና ሲምቢሮ የሚባሉት የቁፋሮ ሥፍራዎች ዛሬ በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ላይ የሚጻፉት አገሬው በሚጠራቸው ስም ነው።

በ1981 በጋርባ የአንድ ሕፃን የመንጋጋ አጥንት ተገኝቶ ነበር። በ2023 በወጣው ጥናት መሠረት ይህ ሕፃን ሆሞ ኤሬክቱስ ከሚባለው ጥንታዊ የሰው ወገን ሲሆን፣ የኖረውም ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ነገሩን ለሊቃውንት ትልቅ ያደረገው ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር የሚያህል ደጋ መሆኑ ነው። የሰው ዘር የሞቀውን ቆላ ትቶ ብርዱን ለመቋቋም መሞከሩን ከሚመሰክሩት እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። በጎምቦሬ ደግሞ ሰባት መቶ ሺህ ዓመት ገደማ ያለፈው የእግር ዱካ ተገኝቷል። ትልልቆቹ ሰዎች ድንጋይ ይጠርባሉ፣ የጉማሬ ሥጋ ይበልታሉ፤ በዚያው ጭቃ ላይ ትንንሽ ልጆች፣ ምናልባትም ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ጭምር፣ ይመላለሳሉ። ልጅ እናቱ በምትሠራበት ቦታ እግሯ ሥር እንደሚርመሰመስ የማያውቅ ሰው የለም። ያን ዱካ አይቶ «ይህ የእኛ ልጅ ነው፣ ያ የእነዚያ ነው» ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆን? በዚያ ዘመን ኦሮምኛም፣ አማርኛም፣ ጉራጊኛም አልነበረም። ክርስትናም እስልምናም ገና አልመጡም።

ብዙውን ጊዜ የቅርስ ንግግር የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። «ሁላችንም ከአንድ ግንድ ነን» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ወደ ቤት ይገባል። ይህ አነጋገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ከማንም ምንም አይጠይቅም። መሬቱ ለተወሰደበት ገበሬም፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ሸማኔም ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት ዘመዳሞች እንደ ነበሩ መንገር መልስ አይሆነውም። ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድ ያስፈልጋል። ይህን እርምጃ የምታስኬደን ደግሞ ከመልካ ቁንጡሬ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ባልጪት ናት።

አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ባልጩት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ እንደ ጠርሙስ የሚያበራ፣ ሲሰነጠቅ እንደ ምላጭ የሚሰላ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሊቃውንቱ ኦብሲዲያን ይሉታል። የባልጪት ምድር በዚህ ድንጋይ የተሞላ ነው። በሲምቢሮ የተገኘውና በ2023 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ባልጩቱን መርጠው፣ ከአምስት መቶ በላይ መሣሪያ በአንድ ቦታ ጠርበዋል። የዛሬ ቋንቋ ብንጠቀም ወርክሾፕ ነበራቸው ማለት ይቻላል። ድንጋዩ ተሰባሪ፣ እጅን የሚቆርጥ ስለ ሆነ መጥረቡ ጥበብ ይፈልጋል።

የሚያስገርመው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። በድንጋይ ቆዳ የመፋቅ ሥራ በአገራችን እስከ ቅርብ ጊዜ አልጠፋም ነበር። አሜሪካዊው ጄምስ ጋላገር በ1970ዎቹ በደቡብና በመካከለኛው ኢትዮጵያ እየተዘዋወረ የዘመኑን የድንጋይ መሣሪያ ሠሪዎች አጥንቷል። ከእርሱም በኋላ ስቲቨን ብራንትና ካትሪን አርተር በጋሞና በኮንሶ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ድንጋዩ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ይጣበቃል፤ ሲደነዝዝ ጠርዙ ይሳላል፤ ሲያልቅ ይጣላል። በኮንሶ ይህን ሥራ የያዙት ሴቶች ናቸው። የድንጋይ መሣሪያ የሚሠሩት ወንዶች ብቻ እንደ ነበሩ አድርገው ያስቡ የነበሩ ምሁራን በዚህ ምክንያት ሐሳባቸውን እንደገና እንዲመረምሩ ተገድደዋል። በዩኒቬርሲቲ ውስጥ ሙዚየም ሙሉ ድንጋይ ይዞ «ይህ እንዴት ተይዞ፣ እንዴት ተፋቀበት?» እያለ የሚጨነቅ ሊቅ፣ መልሱን ያገኘው ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

እነዚህ ሰዎች በገዛ አገራቸው ምን ተብለው ይጠሩ ነበር? «ፋቂ» ይባሉ ነበር። ቃሉ የሥራ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ቆየ። የሚተኛበትን ቁርበት፣ እህል የሚጭንበትን ስልቻ ከእጃቸው የተቀበለ ሰው በማዕዱ አያስቀምጣቸውም፤ ልጁን አይድርላቸውም፤ በብዙ አካባቢም የእርሻ መሬት አይኖራቸውም። ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም ከዚህ ዕጣ አልዳኑም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ዛሬም በአንዳንድ ሰው አፍ ላይ እንዳለ፣ ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ሰምቶት ያውቃል።

የጉርብትና ውይይት እውነተኛ መነሻው እዚህ ላይ ይመስለናል። «ማን ማንን በደለ?» ተብሎ ሲጠየቅ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቁስል ለማሳየት ይሽቀዳደማል፤ ቁስሉም እውነተኛ ነው። የባልጩቱ ነገር ግን ጥያቄውን ያዞረዋል። ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ጉራጌውም፣ ጋሞውም የየራሱን ቆዳ ፋቂና ሸክላ ሠሪ ከማዕዱ አርቆ ኖሯል። በጋሞ ደጋ ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች፣ በቡራዩ ለተበደለው ሸማኔ በትውልድ አገሩ ከእርሱ በታች ተቆጥረው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህን መናገር የማንንም በደል አያሳንስም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው በአንድ ጊዜ ከሳሽም ተከሳሽም ሆኖ የሚቀመጥበት ጉባኤ ሌላው ከሳሽ ብቻ ከሚሆንበት ጉባኤ የተሻለ ጆሮ አለው።

በመልካ ቁንጡሬ በአገራችን ጎጆ አምሳል የተሠሩ የኤግዚቢሽን ቤቶችና በቁፋሮው ቦታ ላይ ክፍት የሆነ ሙዚየም አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ድንጋዩን ለጎብኝው የሚያስረዳው ሰው ማን ቢሆን ይሻላል? ዩኒቬርሲቲ የጨረሰው አስጎብኚ ዓመተ ምሕረቱን ይንገረን፤ ጠርዙ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳየን ግን ሥራውን ከእናት ከአባቱ የተማረው ባለሙያ መሆን አለበት። እርሱም በደመወዝ፣ «መምህር» ተብሎ፣ ወንበር ተሰጥቶት ይሁን እንላለን። ፎቶግራፍ እንዲነሣ ብቻ በር ላይ ማቆም ግን የድሮውን ውርደት በአዲስ ልብስ ማምጣት ነው፤ ይህ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

ወደ ጢያ እንሻገር። በዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከእነርሱም 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። የአካባቢው ሰው በልማድ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ በአፈ ታሪክ ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ከኢማም አሕመድ ጋር ያያይዛቸዋል። ሮዤ ዡሶም የመሩት ቁፋሮ ግን ከድንጋዮቹ ሥር መቃብሮች መኖራቸውን አሳይቷል፤ ዘመናቸውም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል። ስለዚህ ድንጋዮቹ ከኢማሙ ዘመን ብዙ ይቀድማሉ ማለት ነው።

አንድ ወጣት አስጎብኚ ይህን ሲናገር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ሕዝቡ የሚለው ተረት ነው» ብሎ መዝጋት ነው። ሁለተኛው «ሕዝቡ ለምን እንዲህ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። አንድ ማኅበረ ሰብ ሠሪውን የማያውቀውን ታላቅ ሥራ ባየ ጊዜ በሚያስታውሰው ታላቅ ስም ይጠራዋል። በዚያ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ያንን ዘመን በተለያየ ስሜት ያስታውሱታል፤ የድንጋዩ ስም ውስጥ ያ ትዝታ ተቀብሯል። ስለ ድንጋዩ እውነተኛ ዘመን መማር፣ ስለ ትዝታው ያለ ቁጣ ለመነጋገር በር ይከፍታል። አጥንታቸው በዚያ ያረፈው ሰዎች ስማቸውን አልተዉልንም፤ ስለዚህ ማንም ብቻውን ሊወርሳቸው አይችልም።

እንዲህ ያለ የባለቤትነት ክርክር በእኛ አልተጀመረም። በደቡብ አፍሪካ፣ በሊምፖፖ ወንዝ አጠገብ ማፑንጉብዌ የሚባል የጥንት መንግሥት መናገሻ አለ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የወጣው አጥንትና የወርቅ ዕቃ በፕሪቶሪያ ዩኒቬርሲቲ ተቀምጦ ኖረ፤ ጥቁር ሕዝብ በዚያ ዘመን ትልቅ መንግሥት እንደ ነበረው የሚመሰክር በመሆኑ በአፓርታይድ ጊዜ ብዙ አልተነገረለትም። አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ አጥንቱ የእኛ አባቶች ነው የሚሉ ልዩ ልዩ ማኅበረ ሰቦች ተነሡ። መጨረሻው ግን ያማረ ሆነ። በ2007 አጥንቱ በማኅበረ ሰቦቹ የጋራ ሥርዓት ተመልሶ ተቀበረ። ማን ትክክለኛ ወራሽ ነው የሚለውን ፍርድ ሳይጠብቁ፣ መቅበሩን ግን አብረው መፈጸም ቻሉ።

እኛም ከዚህ የባሰ ያየንበት ጊዜ አለ። ቅርስ ለሰው መጥበቂያ ሳይሆን ለሰው መውጫ የሆነበት ማለታችን ነው። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2016 ወደ ሌላ ቦታ እንዲሠፍር ተደርጓል፤ በ2017 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ወጣ። ለዱር እንስሳው ጠቅሟል። የግጭ ገበሬ ግን ቅርስ የሚለውን ቃል ሲሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለው መሄዱ ነው። በመልካ ቁንጡሬና በባልጪት ዙሪያም ያለው ገበሬ ያርሳል፣ ከብት ያሰማራል። የቁፋሮው ሥፍራ በሰፋ ቁጥር አጥሩ ወደ እርሱ የሚቀርብ ከመሰለው፣ በማሳው ላይ ያገኘውን አጥንት ለሙዚየም ከማምጣት ይልቅ መልሶ አፈር ቢያለብሰው ማን ይፈርድበታል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ገበሬውን ግን ከአዋጁ ይልቅ የሚያሳምነው ባለፈው ዓመት ያስታወቀው ጎረቤቱ ምን እንዳገኘ ማየቱ ነው።

ለወጣት ሹማምንት አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። መልካ ቁንጡሬ በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ጢያ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በመዝገብ ቤት በኩል ግን ሁለት ቢሮ፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት ማኅተም ነው። ጎብኝው ድንበሩን አያየውም፤ ደብዳቤው ግን ያየዋል። የሁለቱ ቢሮ ሠራተኞች አንድ ቀን አብረው ከዓለም ገና ተነሥተው እስከ ጢያ ቢሄዱ፣ ስብሰባ ከመጥራት የበለጠ ይግባባሉ ብለን እናምናለን። አስጎብኚዎቹም ኦሮምኛ፣ አማርኛና ጉራጊኛ የሚያውቁ ሆነው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ላይ እየተለዋወጡ ቢሠሩ መልካም ነው። በባልጪት ያደገ ወጣት ስለ ጢያ መቃብር ሲያስረዳ፣ የሶዶ ወጣት ስለ ጎምቦሬ ልጆች ዱካ ሲናገር፣ የሚሰማውም የሚናገረውም ሌላ መልክ ይይዛል።

የመልካ ቁንጡሬን ስም በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ያላነበበ ተማሪ የለም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ሆኖ፣ ሥፍራው ግን ከሰበታና ከቡራዩ ትምህርት ቤቶች የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። ተማሪዎቹን ለማድረስ አዲስ ሙዚየም፣ አዲስ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ አውቶቡስ፣ ነዳጅና የቅዳሜ ማለዳ ይበቃል። ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ከሚጫኑ ደግሞ ከሁለት ይጫኑ፤ ግማሾቹ ከቡራዩ፣ ግማሾቹ ከሶዶ። ምሳውንም በአዋሽ ዳር፣ በመልካው አጠገብ ይብሉት። ዳቦውን የሚቆርሰው ማን እንደ ሆነ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ አስተማሪው ልብ ብሎ ይይ፤ ከሙዚየሙ መልስ በክፍል የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚያ ሊነሣ ይችላል።